ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ይርቃል? ስለ ክልሎች የኑሮ ልዩነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ክልሎች ልማት ወሬ ሲነሳ ነገሩ ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይዞራል። ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ እየተባለ ክርክሩ ይሞቃል። ጥያቄው ግን የሰው ሕይወት ጥያቄ ነው። አንድ ልጅ የት ተወለደ የሚለው ነገር አምስተኛ ዓመቱን ማየቱን እስከመወሰን ይደርሳል። ስለዚህ እስኪ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ረጋ ብለን እንያቸው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉም ድሃ የሆነው ክልል የትኛው ነው?

በምን ለክተን የሚለው መልሱን ይለውጠዋል። ጥያቄውን ለመሸሽ አይደለም እንዲህ የምለው። በ2008 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ አገር አቀፍ ጥናቶች ነበሩ። አንደኛው ቤተሰብ ምን ያህል ያወጣል፣ ምን ይበላል የሚል ነው። ሁለተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ይገረማል።

በመጀመሪያው ጥናት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በአገር ደረጃ 23.5 በመቶ ነበር። ትግራይ 27፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 26.5፣ አማራ 26.1 በመቶ። አፋር 23.6፣ ሶማሌ ደግሞ 22.4 በመቶ። ይህን ብቻ ካያችሁ አፋርና ሶማሌ እንደማንኛውም ክልል ናቸው ትላላችሁ።

አሁን የጤናውን ጥናት ክፈቱት። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአገር ደረጃ 67 ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ 39። አፋር ላይ 125። አፋር ላይ ከስምንት ልጅ አንዱ ማለት ነው። በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ አፋር 15 በመቶ ነበሩ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? የድህነት ወለሉ የሚለካው ቤተሰቡ የተመገበውንና ያወጣውን ነው። ግመልና ፍየል ያለው አርብቶ አደር ወተት ይጠጣል። ሲቸግረው ከብት ሸጦ እህል ይገዛል። ይህ በብር ሲሰላ ከወለሉ በላይ ሊያደርገው ይችላል። ምጥ የያዛት ሚስቱ ግን አዋላጅ ጋ ለመድረስ ከባድ መንገድ አለባት። ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ቢኖር እንኳ የሚገዛበት ቦታ የለም። የድህነት ወለል ደግሞ ርቀትን አይቆጥርም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዚያው የጤና ጥናት የመቀንጨር ቁጥርም አለ። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት አጥሮ መቅረቱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ያለማግኘት ምልክት ነው። በአገር ደረጃ 38 በመቶ ነበር። ሶማሌ 27፣ ጋምቤላ 24። አማራ ክልል ግን 46 በመቶ። ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ አምርቶ ለገበያ የሚያቀርበው ደጋ ከቆላው ባሰ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምክንያት ወተት ነው። አርብቶ አደሩ ቤት ልጅ ወተት ያገኛል። ገበሬው ቤት እንቁላሉም ቅቤውም ለጨው፣ ለዘይትና ለደብተር ገበያ ይወጣል፤ ልጁ በእንጀራና በሽሮ ይውላል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማጥፋት ያወጀው ቃል ኪዳን በዋግ ኽምራዋ በሰቆጣ ስም መጠራቱም በአጋጣሚ አይደለም።

ስለዚህ «ድሃው ክልል» እያልን አንድ ስም መጥራት ያሳስተናል። አንዱ ክልል ልጁን በሞት ያጣል፣ ሌላው ልጁ ይቀነጭርበታል።

የኑሮ ጥራት ታዲያ በምን ይለካ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚጠቀምበት የድህነት መለኪያ አለ። ትምህርት፣ ጤና፣ መብራት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ የቤቱ ወለል ሳይቀር ይገባበታል። በ2011 ዓ.ም. መረጃ መሠረት በዚህ ልኬት ድሃ የሆነው ኢትዮጵያዊ 68.7 በመቶ ነው። በገንዘብ ሲለካ ከአራት አንድ፣ በኑሮ ሲለካ ከሦስት ሁለት እንደ ማለት ነው።

እኔ በግሌ የምወደው መለኪያ ግን ሰዓት ነው። ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ይርቃል? ውኃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይሄዳል? ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በእግር ደርሶ መልስ ነው ወይስ ልጅቷ ከተማ ቤት ተከራይታ መማር አለባት? የመጨረሻው ከባድ ነው። ኪራዩን የማይችል አባት መጀመሪያ የሚያስቀረው ሴት ልጁን ነው።

ልዩነቱ የክልሎች ነው ወይስ የከተማና የገጠር?

በአብዛኛው የከተማና የገጠር ነው። በ2008ቱ ጥናት ከከተማ ቤተሰቦች 93 በመቶው መብራት ነበራቸው። በገጠር 8 በመቶ። የተሻለ የመጠጥ ውኃ የሚያገኙት በከተማ 97፣ በገጠር 57 በመቶ ነበሩ። በየትኞቹም ሁለት ክልሎች መካከል እንዲህ ዓይነት የመብራት ልዩነት ማግኘት ይከብዳል፤ አዲስ አበባን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን ካወጣን ማለቴ ነው። እነሱም በመሠረቱ ከተሞች ናቸው።

ባሕር ዳርና ዋግ ኽምራ አንድ ክልል ናቸው። ቢሾፍቱና የቦረና ቆላም እንደዚሁ። የክልሉ አማካይ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ያወጣና ሁለቱንም ይደብቃል። «የእኛ ክልል ተበደለ» የሚለው ክርክር ላይ ስሜቱ ቢገባኝም የማዝነው ለዚህ ነው። ከዞን ከተማው ሁለት ሰዓት በእግር የምትርቀው ቀበሌ በዚያ ክርክር ውስጥ ስሟ አይነሳም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

መንገድ የሄደበትን ተከተሉ። የጅቡቲው ባቡር ከሐረር ተራራ ጋር መታገል ስላልፈለገ በቆላው በኩል አለፈ። ድሬዳዋ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. አካባቢ በዚህ ምክንያት ነው። ለዘመናት የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ዳር ቀረች፤ ትናንት ባዶ ሜዳ የነበረው ቦታ ከተማ ሆነ። ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ገቢና ወጪው ንግድ ሁሉ በዋና ከተማዋ በር ማለፍ ጀመረ። በኋላ የተሠሩት ዋና ዋና መንገዶችም እንደ መንኮራኩር ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ጠረፍ የሚሄዱ ናቸው። ፋብሪካውም ባንኩም ስፔሻሊስት ሐኪሙም መንኮራኩሩ መሐል ተቀመጠ።

ቆላው የራሱ ታሪክ አለው። ደገኛው ወባን ስለሚፈራ አይወርድም ነበር፤ መንግሥትም ጠረፉን በዋናነት በጸጥታ ዓይን ያየው ነበር። አገልግሎት ሲሄድም የደጋውን ንድፍ ይዞ ሄደ። አንድ ቦታ የተተከለ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቦታ የተተከለ ጤና ኬላ። ሕዝቡ ግን ዝናብና ሣር ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ዝናብ ሲጥል ተማሪ የሞላው ክፍል ድርቅ ሲመጣ ባዶ ሲሆን «አርብቶ አደር ትምህርት አይወድም» ተባለ። ይህ ፍርድ ልክ አልነበረም። ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤትና ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን የሚባለው ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ አሁንም ከሚያስፈልገው ጋር አይመጣጠንም።

ምንም አልተሻሻለም ማለት ነው?

አይደለም። ይህን መካድ ለደከሙት ሰዎች ግፍ ነው። በ1992 ዓ.ም. አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ 166 ነበሩ፤ በ2008 ወደ 67 ወረዱ። በጤና ተቋም መውለድ ከ5 በመቶ ወደ 26 በመቶ አደገ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ አብዛኞቹ የአካባቢው ወጣት ሴቶች ናቸው። ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ሠርተው ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲደርስ ቀድመው መጥተው እንዲያርፉ አደረጉ። አንዳንዶቹ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ቡና ያፈላሉ። አራስ ቤት ያለ ገንፎ ምን ይባላል? በቃሬዛ ከመሸከም ይህ ይሻላል። ልብ ያለው ሰው ያሰበው ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ። ለረጅም ጊዜ አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ። አሁን ከ40 በላይ ናቸው፤ ሰመራና ጅግጅጋም የራሳቸው አላቸው።

የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ገንዘብ የሚያከፋፍለው እንዴት ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሎች ራሳቸው የሚሰበስቡት ግብር አለ፤ ግን አብዛኞቹ ወጪያቸውን በእሱ አይሸፍኑም። የጎደለውን የሚሞላው ከፌዴራል የሚመጣው ድጎማ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀመሩ የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ክልሉ ገቢ ለመሰብሰብ የሚያደርገውን ጥረት በነጥብ እያሰላ ይሄድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የጸደቀው አካሄድ ሌላ ነው። ክልሉ መሠረታዊ አገልግሎት ለመስጠት ምን ያህል ያስፈልገዋል? ራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ለድጎማው መሠረት ይሆናል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስለኛል። በዚህ ላይ አንቀጽ 89 በዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለዓመታት «ታዳጊ ክልሎች» ተብለው የተጠሩት በዚህ መንፈስ ነው።

አንድ ትልቅ ችግር ግን አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን አካባቢ ነበርን፤ አሁን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። አራተኛው ቆጠራ ቀን እየተቆረጠለት ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ያኔ ያልተወለደና አሁን ትምህርቱን የሚጨርስ ወጣት የሚበጀትለት በትንበያ ነው። ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ጎርፏል፣ በግጭት ተፈናቅሏል፣ ከተሞች አብጠዋል። ትንበያው ይህን ሁሉ አይደርስበትም።

በጀት ከተመደበ ለምን መሬት ላይ አይታይም?

የወረዳ በጀት ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ተከፍሎ ሲያልቅ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለኖራና ለጥገና የሚቀረው ትንሽ ነው። የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ለአንድ መለዋወጫ ወራት ይጠብቃል። እስከዚያ እናትየው ወደ ወንዙ ትመለሳለች። ጉድጓዱ ግን በሪፖርት ላይ «ተገንብቷል» ተብሎ እንደተቆጠረ ይኖራል። የተገነባውን ቆጥረን የሚሠራውን አለመቁጠራችን በጣም ጎድቶናል።

ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው። ደመወዙ እዚህም እዚያም ተቀራራቢ ከሆነ፣ ጥሩ መምህር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት፣ ቤትም ኔትወርክም የሌለበት ቦታ ለምን ይቀመጣል? የበረሃ አበል አለ፤ ለውኃና ለትራንስፖርት እንኳ ካልበቃ ግን ሰው አይይዝም። አዲስ ምሩቅ ይመጣል፣ ልምድ ሲያገኝ ዝውውር ይጠይቃል፣ ሌላ አዲስ ምሩቅ ይተካዋል። ሩቅ ወረዳ ሁልጊዜ የሌላው መለማመጃ ይሆናል። በእኔ እምነት ሩቅ ቦታ ለሚሠራ ባለሙያ መኖሪያ ቤት ሠርቶ መስጠት ከሌላ አንድ ሕንፃ ምርቃት ይበልጣል።

ሙስናስ? አለ፣ ጉዳቱም ትልቅ ነው። ግን ሁሉንም በእሱ ማመካኘት ከላይ ያሉትን ሁለቱን እንዳናይ ያደርጋል።

ኢንዱስትሪ ፓርኮች ክልሎችን ቀየሩ?

በከፊል። ሐዋሳ በ2008 ተመረቀ፤ ኮምቦልቻ፣ መቀሌ፣ አዳማ፣ ጅማ፣ ደብረ ብርሃን ተከተሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ ሥራ የማውጣት ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሐዋሳ ብቻዋን 60 ሺህ ሰው ትቀጥራለች ተብሎ ታስቦ ነበር።

ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ግን ደመወዙን ከቤት ኪራዩ ጋር ሲያስተያዩት አልገናኝ አላቸው። አንድ ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራዩ። ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው ለቀቁ። በ2014 ደግሞ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ትእዛዝ ቀነሰ፤ የቀሩትም ሴቶች ብዙዎቹ ወደመጡበት ተመለሱ። ሼዱ ከመገንባቱ እኩል ለሠራተኛው ቤት ታስቦ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

አዲስ አበባ መምጣት ኑሮን ያሻሽላል?

ለሕክምናና ለትምህርት፣ አዎ። ለኪስ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ ከድህነት ወለል በታች የነበረው 16.8 በመቶ ነው፤ ከድሬዳዋ 15.4 እና ከሐረሪ 7.1 በመቶ ይበልጣል። በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ርቀትም በከተማ ከገጠር ይሰፋል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሄደ። በቁርጥ ደመወዝ ለሚኖር ተከራይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

አዲስ ክልል መሆን ልዩነቱን ያጠባል?

ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ክልል ሆነዋል። ለጉዳይ ከቦንጋ ወይም ከጂንካ ሐዋሳ ድረስ ይመላለስ ለነበረ ሰው ቢሮው መቅረቡ ትልቅ እፎይታ ነው። አዲሶቹ ክልሎች ቢሮዎቻቸውን በተለያዩ ከተሞች መበተናቸውም ጥቅሙን ለማዳረስ ነው። በሌላ በኩል አዲስ ክልል ማለት አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ የደመወዝ ዝርዝር ነው። ያ ወጪ ቀድሞም ጠባብ ከሆነው በጀት ላይ ይነሳል።

ጦርነቱና ድርቁ ምን አደረሱ?

ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በፊት ያሉ ናቸው። ትግራይ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ጥሩ ስም ከነበራቸው ክልሎች አንዷ ነበረች። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በነበረው ጊዜ ጤና ተቋማቷ በብዛት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የአማራና የአፋር አዋሳኝ ወረዳዎችም ይህ ደርሶባቸዋል። በአማራ ክልል በ2015 የተነሳው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ በሁለት ዓመት ሲፈርስ ማየት ያማል።

በቦረናና በሶማሌ ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብት ለአርብቶ አደር ባንኩ ነው፤ ባንኩ ዓይኑ እያየ አለቀ። መቶ ከብት የነበረው አባወራ ለስንዴ ራሽን ሲሰለፍ ታየ። በ1997 የተጀመረው፣ ለችግረኛ ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ባይኖር ኖሮ የብዙ ወረዳዎች ጉዳት ከዚህም ይከፋ ነበር።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች የምንልከው ገንዘብ ልዩነቱን ይቀንሳል?

የቤተሰብን ኑሮ ይቀይራል። ሆሳዕናን ያየ ሰው ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ገንዘብ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሠራ ያውቃል። ወሎ ውስጥም የሳዑዲ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሆኖ ይታያል። ግን ገንዘቡ የሚሄደው ሰው የላከ ቤተሰብ ጋ ነው። ደላላ መክፈል ያልቻለው ጎረቤት ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመሬት ዋጋም ይወደድበታል።

ተሰባስባችሁ ለአካባቢያችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። አዲስ ሕንፃ ከመጀመራችሁ በፊት ያለው ለምን እንደማይሠራ ጠይቁ። የጎደለው ትራንስፎርመር፣ የፓምፕ መለዋወጫ ወይም የነርሷ መኖሪያ ሊሆን ይችላል። መሥራት ግድ ከሆነ ደግሞ ወረዳው ባለሙያና የሥራ ማስኬጃ እንደሚመድብ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

የእኔ ወረዳ የት ላይ እንዳለ እንዴት ልወቅ?

የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጀቱን ለሕዝብ በሰሌዳ መለጠፍ አለበት። ሄዳችሁ እዩት፤ ካልተለጠፈ ጠይቁ። ስታነቡት ከጠቅላላው ደመወዙን ቀንሱና የቀረውን ለቀበሌዎቹ ቁጥር አካፍሉት። ከዚያ ጤና ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ አምቡላንሱ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ፣ ነዳጅ በወር ስንት ሊትር እንደሚመደብለት ጠይቁ። ውኃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተቆፈሩትን ሳይሆን ዛሬ ውኃ የሚሰጡትን ቁጥር ጠይቁ። በመጨረሻ ከወረዳው ከተማ በጣም የራቀችው ቀበሌ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ለገበያ የመጣች አንዲት እናት የመጨረሻ ልጇን የት እንደወለደችና እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀባት እንድታጫውታችሁ አድርጉ።